ጉብታውን ለቤዝቦል ሰዎች ተዉላቸው

ለዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው ምክር ቤት
ለዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብ የሥነ ሥርዓት አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ በመክፈቻ ቀን ባለሥልጣናት የክብር ኳስ የሚወረውሩበትን ቦታና አፈጻጸም ይመለከታል

ጥያቄያችን አንድ ነው። የቤዝቦል ውድድር ዓመት በሚከፈትበት ቀን የሚጋበዝ ባለሥልጣን፣ ፕሬዚዳንትም ይሁን ከንቲባ ወይም የምክር ቤት አባል፣ ከጨዋታው በፊት የምትወረወረውን የክብር ኳስ ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ይወርውር። በሜዳው መሐል ያለው የፒቸሮች (ለመቺው ኳስ የሚወረውሩት ተጫዋቾች) ጉብታ በቤዝቦል ለኖሩ ሰዎች ይተውላቸው። አዲስ ነገር እያመጣን አይደለም። ዋሽንግተን ከ1910 ጀምሮ ስድሳ ዓመት ያህል የሠራችበት ልማድ ነው። በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛ የምንጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ አማርኛ ተናጋሪውንም በቋንቋው ሊያስተናግዱ ይገባል፤ ናሽናልስ ፓርክ ደግሞ የከተማው ንብረት ስለሆነ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነዋሪው ሐሳብ ቢሰጥ መብቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ልማዱ የተወለደበት መሬት ለእኛ ቅርብ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ውርወራ የተደረገበት ሜዳ፣ በኋላም ግሪፊዝ ስታዲየም የተሠራበት ቦታ፣ ዛሬ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት የጆርጂያ ጎዳና ነው። የሀበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከተደረደሩበት ከዘጠነኛውና ከዩ ጎዳና በእግር የሚደረስ ነው። በዚያ የሚያልፈው ወገናችን ብዙ ነው፤ ምን እንደነበረበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ኤፕሪል 14 ቀን 1910 የዋሽንግተን ቡድን ከፊላደልፊያ አትሌቲክስ ጋር ሊጫወት ሲል ዳኛው ቢሊ ኢቫንስ አንዲት ኳስ ይዞ ወደ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ወንበር ሄደ። ታፍት ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰው ነበሩ። ሜዳ ውስጥ አልገቡም፤ ካሉበት ሆነው ወረወሩ፤ ኳሷን የያዛት የዕለቱ ፒቸር ዋልተር ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ከዚያ ወደ ጉብታው ወጥቶ ለተጋጣሚው አንዲት ምት ብቻ ሰጥቶ 3 ለ 0 አሸነፈ። በማግስቱ ኳሷን ለፊርማ ወደ ዋይት ሐውስ ላከ፤ ታፍትም ፈረሙበት። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ሰው የቆመው በየቦታው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሕዝቡ መሐል፣ ፒቸሩ ጉብታው ላይ ነበሩ፤ ኳሷ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈች። እኛ የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ልማዱ እንዲህ ጸና። የሁለቱም ቡድኖች ተጫዋቾች ከፕሬዚዳንቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ይሰበሰባሉ፤ ኳሷ በላያቸው ትወረወራለች፤ ዘለው ይሻማሉ፤ የያዛት ተጫዋች አስፈርሞ ይወስዳታል። በ1961 ጆን ኬኔዲ በግሪፊዝ ስታዲየም የወረወሯትን ኳስ የያዘው የቺካጎ ዋይት ሶክሱ ጂም ሪቬራ ነበር። በዚህ አሠራር ፕሬዚዳንቱ ዒላማ የለባቸውም። የሚጠበቅባቸው ኳሷን ወደ ተጫዋቾቹ መላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሊሳሳቱ አይችሉም ማለት ይቻላል።

ፍራንክሊን ሩዝቬልትን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው። ስምንት ጊዜ የመክፈቻ ኳስ ወርውረዋል፤ ከፕሬዚዳንቶች ማንም ያን ያህል አልደረሰም። ፖሊዮ እግራቸውን ስለጎዳው የሚቆሙት በብረት ድጋፍ ነበር። ከመቀመጫቸው ፊት ተደግፈው ቆመው በአንድ እጃቸው ይወረውሩ ነበር። ከጉብታው ላይ የሚወረወርበት የዛሬው አሠራር በዚያን ጊዜ ቢኖር ሩዝቬልት ወይ ከሥነ ሥርዓቱ ይቀራሉ፣ ወይ በሺዎች ፊት ቁልቁለት ላይ ለመቆም ይታገላሉ። ሃሪ ትሩማንም በ1950 አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ እጃቸው ወርውረዋል፤ መነጽር የማይለያቸው የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። በአጥሩ ጥግ የሚደረግ ውርወራ ለሽማግሌውም፣ በክራንች ለሚሄደውም፣ ኳስ ይዞ ለማያውቀውም እኩል ይመቻል።

አሮጌው አሠራር እንከን አልነበረውም አንልም። በ1940 የሩዝቬልት ኳስ ስታ የአንድ የዋሽንግተን ፖስት ፎቶ አንሺ ካሜራ ሰብራለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎቶ አንሺዎቹ ከወርዋሪው ፊት፣ በቅርብ ርቀት ተጨናንቀው ነበር። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ወደታች እንመለስበታለን።

የዋሽንግተን ቡድን ሴኔተርስ ከ1971 ውድድር በኋላ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ልማዱ ቤቱን አጣ። ኒክሰን በ1973 አናሃይም፣ ፎርድ በ1976 አርሊንግተን፣ ጆርጅ ቡሽ አባት በ1990 ቶሮንቶ ድረስ ሄደው ወረወሩ። ቢል ክሊንተን በ1993 ባልቲሞር ካምደን ያርድስ ላይ ከጉብታው ወረወሩ። ከዚያም ኦክቶበር 30 ቀን 2001 መጣ። የመስከረሙ ጥቃት ሳምንታት ብቻ ባለፉበት፣ ጆርጅ ቡሽ ልጅ ጥይት የማይበሳው ልብስ ከጃኬታቸው ሥር ለብሰው በያንኪ ስታዲየም ጉብታ ላይ ቆሙ። የያንኪሱ ዴሪክ ጂተር ቀደም ብሎ ከጉብታው ላይ እንዲወረውሩና ኳሷን መሬት እንዳያስመቷት፣ አለበለዚያ ሕዝቡ እንደሚጮህባቸው ነግሯቸው ነበር። ኳሷ ቀጥ ብላ ካቸሩ (ከፒቸሩ ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች) ቶድ ግሪን ጓንት ውስጥ ገባች። ያ የመክፈቻ ቀን አልነበረም፤ የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ጨዋታ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ጉብታው የወንድነትና የብቃት መፈተኛ ሆኖ ቀረ። ለአገር ሐዘን የተደረገ አንድ ውርወራ ለእያንዳንዱ ከንቲባ የኤፕሪል ፈተና መሆኑ ልክ አይመስለንም።

ፈተናው ደግሞ ከሚታየው በላይ ከባድ ነው። ፒቸሩ ከሚረግጠው ላስቲክ እስከ ሆም ፕሌት፣ ማለት መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት ሰሌዳ፣ 18.44 ሜትር ነው። ጉብታው ከሆም ፕሌት በ25.4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከላስቲኩ ፊት ጀምሮም በየ30 ሳንቲ ሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ ይሄዳል። በጓሮው ደልዳላ ሣር ላይ የተለማመደ ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ሲራመድ የፊት እግሩ መሬቱን ባሰበበት ቅጽበት አያገኘውም፤ ትንሽ ዘግይቶ ያርፋል። ያን ጊዜ እጁ ቀድሞ ኳሷን ይለቃታል፤ ኳሷ ሽቅብ ትሄዳለች። ይህን የፈራ ሰው ደግሞ አጥብቆ ይይዝና ዘግይቶ ይለቃል፤ ኳሷ እግሩ ሥር ትቀበራለች። ወደ ጎን የምትበርረው ትከሻው ቀድሞ ሲከፈትና የፊት እግሩ ወደ ዒላማው ሳይሆን ወደ ጎን ሲረግጥ ነው።

የታዩትን ስሕተቶች በዚህ መንገድ መረዳት ይቻላል። በ2007 የሲንሲናቲው ከንቲባ ማርክ ማሎሪ ለቀድሞው የሬድስ ተጫዋች ኤሪክ ዴቪስ የወረወሯት ኳስ ከሆም ፕሌት እጅግ ርቃ ወደ ጎን ሄደች፤ ዳኛው ሳም ሆልብሩክ ለቀልድ ከሜዳ እንዳባረራቸው አድርጎ ምልክት ሰጠ። በ2010 ባራክ ኦባማ፣ ከታፍት ውርወራ መቶኛ ዓመት ላይ፣ የናሽናልስ ጃኬት ለብሰው፣ ከጓንታቸው ውስጥ የዋይት ሶክስ ኮፍያ አውጥተው አድርገው ወረወሩ፤ ኳሷ ከፍ ብላና ወጣ ብላ ሄደች፤ ራያን ዚመርማን ተንጠራርቶ ያዛት። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የመንግሥት የጤና አማካሪ የነበሩት ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ ተመልካች በሌለበት ናሽናልስ ፓርክ ውድድሩን ሲከፍቱ ኳሷ ከካቸርነት ቦታ ከቆመው ሾን ዱሊትል በስተጎን ርቃ ወደቀች። ዶክተሩ አብዝተው በመለማመዳቸው ክንዳቸው ተጎድቶ እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ሦስቱም ሰዎች የተጠሩት ኳስ ወርዋሪ ስለሆኑ አይደለም። ለአገርና ለከተማ የሠሩት ሥራ ሌላ ሆኖ ሳለ የዕለቱ መታወሻቸው ግን ያቺ ኳስ ሆነች።

የሕዝቡ ጩኸትም አለ። ትሩማን በ1951 ጄኔራል ማክአርተርን ከሥልጣን ባነሱ በቀናት ውስጥ መክፈቻው ላይ ተጮኸባቸው። ቡሽ ልጅ በ2008 ናሽናልስ ፓርክን ራሱን ሲከፍቱ ከጭብጨባው ጋር ተቃውሞ ሰምተዋል። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ቢል ደ ብላሲዮ በ2014 በሜትስ ሜዳ ገጥሟቸዋል። ሕዝብ መሪውን መቃወም መብቱ ነው፤ እሱን አፍኑ አንልም። ነገር ግን አዘጋጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ጩኸት ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሰው ከዳግአውቱ (በሜዳው ጠርዝ ካለው የተጫዋቾች መቀመጫ) ወጥቶ እስከ ጉብታው ብቻውን ሲራመድ፣ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ፣ ከዚያ ሲዘጋጅ፣ ስታዲየሙ ያ ሁሉ ጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶውን የሚሞላው የሕዝቡ ድምፅ ነው። በአጥሩ ጥግ፣ በተጫዋቾችና በልጆች ተከቦ የቆመ ሰው ስሙ ሲጠራ ኳሷ ከእጁ ወጥታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉብታው ለማን ይሁን ስንል የምናስበው በመክፈቻ ቀን በእርግጥ የሆኑ ነገሮችን ነው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1974 በሲንሲናቲ ሪቨርፍሮንት ስታዲየም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄራልድ ፎርድ የመክፈቻውን ኳስ ወረወሩ። በዚያው ቀን የአትላንታው ሄንሪ አሮን ለመጀመሪያ ጊዜ በወዘወዛት ዱላ 714ኛ ሆም ረኑን (ኳሷን ከሜዳው አጥር የሚያሳልፍ ምት) መትቶ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ተጋራ። ጨዋታው ቆመ፤ ፎርድና የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ወደ ሜዳው ወርደው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ዕለቱ ግን ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት ስድስተኛ ዓመትም ነበር። አሮን ከጨዋታው በፊት የኅሊና ጸሎት እንዲደረግላቸው ጠይቆ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ለወራት የግድያ ዛቻ በደብዳቤ ሲጎርፍለት የነበረ ሰው ነው የጠየቀው። ለባለሥልጣን ውርወራ ቦታ የነበረው ፕሮግራም፣ ለባለሥልጣናት የደስታ መግለጫ ጨዋታ ያስቆመው ፕሮግራም፣ የዕለቱ ባለታሪክ ለለመነው አንድ ደቂቃ ዝምታ ቦታ አልነበረውም። የሥነ ሥርዓት ወረቀት ስታዘጋጁ ይህን ቀን አስታውሱልን። ተጫዋቾች የሚጠይቁት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው፣ ቅድሚያም ስጡት።

በተቃራኒው ከዓመት በኋላ ኤፕሪል 8 ቀን 1975 በክሊቭላንድ የሆነውን ተመልከቱ። የሜጀር ሊግን (የከፍተኛውን ሊግ) የዘር እገዳ የሰበረው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ በኦክቶበር 1972፣ አንድ ጥቁር ሰው ቡድን ሲመራ ማየት እንደሚፈልግ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ፍራንክ ሮቢንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የሜጀር ሊግ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን ይዞ በወጣበት በዚያ መክፈቻ የክብር ኳሷን የወረወሩት የጃኪ ባለቤት ራቸል ሮቢንሰን ነበሩ። ፍራንክ ሮቢንሰን በዚያው ቀን ራሱ ተጫውቶ በመጀመሪያ ተራው ሆም ረን መታ። ያችን ኳስ ለመወርወር ከራቸል ሮቢንሰን የቀረበ ማን ነበር?

ይኸው ፍራንክ ሮቢንሰን በ2005 የናሽናልስ አሠልጣኝ ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን ቤዝቦል ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ቡሽ ልጅ የወረወሯት ኳስ ተራ ኳስ አልነበረችም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1971 ሴኔተርስ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰው ማስወጣት ሲቀረው፣ ቡድኑ መሄዱ ያንገበገበው ሕዝብ ሜዳውን ወረረው፤ ጨዋታው በፎርፌ ተበላ። የመጨረሻው ፒቸር ጆ ግርዜንዳ ያልተወረወረችውን ኳስ ይዞ ወጣ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት አስቀመጣት። በ2005 ለፕሬዚዳንቱ በእጁ የሰጣቸው እሷን ነው። ባለሥልጣንና የቤዝቦል ሰው እንዲህ ሲገናኙ ሥነ ሥርዓቱ ይሞላል። የእኛ ምኞት ግን ከዚህም አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ፕሬዚዳንቱ ኳሷን ከአጥሩ ጥግ ወርውረው ግርዜንዳ ራሱ ከጉብታው ላይ የቀረችውን አንዲት ኳስ ቢጨርሳት ኖሮ እንላለን።

ለዋሽንግተን ደግሞ የቀረ ዕዳ አለ። ከናሽናልስ ፓርክ ውጭ ሐውልት ከቆመላቸው ሦስት ተጫዋቾች አንዱ ጆሽ ጊብሰን ነው። ጊብሰን የተጫወተበት የጥቁሮች ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙ ጨዋታውን ያደርግ የነበረው በግሪፊዝ ስታዲየም፣ ማለት ፕሬዚዳንቶች በየዓመቱ ኳስ በሚወረውሩበት በዚያው ሜዳ ነበር። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ በነጮቹ ሊግ አንድ ቀን ሳይሰለፍ በጃንዩዋሪ 1947 ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን የተሰለፈው በኤፕሪል 15 ነው። በ2024 የኔግሮ ሊጎች (የጥቁሮች ሊጎች) መዝገብ ከሜጀር ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል የምንጊዜም ከፍተኛው የመምታት አማካይ የጊብሰን ሆነ፤ 0.372። የእነዚያ ተጫዋቾች ልጆችና የልጅ ልጆች በመክፈቻ ቀን በዋሽንግተን ጉብታ ላይ ቢቆሙ ከማንኛውም ሹም ይልቅ ቦታው የእነሱ ነው።

አፈጻጸሙን በዝርዝር እንናገር።

መጀመሪያ መረቡ። ከ2018 መክፈቻ ጀምሮ ሠላሳዎቹም ክለቦች የመከላከያ መረባቸውን ቢያንስ እስከ ዳግአውቶቹ ጫፍ ዘርግተዋል። ስለዚህ እንደ ታፍት ከመቀመጫ ላይ መወርወር ዛሬ አይቻልም፤ ኳሷ መረቡን መትታ ትመለሳለች። መረቡም ይነሣ አንልም። በ1910 የሴኔቱ ጸሐፊ ቻርልስ ቤኔት በዚያው መክፈቻ ጨዋታ ላይ ወደ ተመልካቾች በበረረች ኳስ ተመተዋል። መፍትሔው እንግዳው በመረቡ የሜዳ በኩል፣ ከናሽናልስ ዳግአውት ጎን፣ በመጀመሪያው ቤዝ በኩል ባለው የአፈር ዙሪያ ላይ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ እንዲቆም ነው። መሬቱ ደልዳላ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበርም ይደረሳል። ጥበቃዎችም ከኋላቸው አጥር ስላለላቸው ሥራቸው ይቀላል።

ተቀባዮቹ አሥር ያህል ተጫዋቾች ይሁኑ፤ ከሁለቱም ቡድን እኩል። ከእንግዳው ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀው በግማሽ ክብ ይቁሙ። መሐላቸው ሁለት ሦስት የሰፈር ቡድን ልጆች ጓንት አጥልቀው ቢገቡ መልካም ነው፤ ልጆቹ ግን ከፊት ረድፍ፣ ታላላቆቹ ከኋላ፣ ያለዚያ በሽሚያው ይጎዳሉ። ፎቶ አንሺዎች ከእንግዳው በቀኝና በግራ፣ ከትከሻው መስመር በስተኋላ ብቻ ይሁኑ። በ1940 የጎደለው ይህ ነበር።

ኳሷ አዲስ ከሣጥን የወጣች አትሁን። ለጨዋታ የሚቀርቡ ኳሶች አስቀድመው በጭቃ ይታሻሉ፤ ያልታሸች ኳስ ቆዳዋ ስለሚያንሸራትት ለለመደው ፒቸርም ታስቸግራለች። ለክብር ውርወራ ለፎቶ እንድታበራ ተብሎ ያልታሸችው ከተሰጠች ስሕተት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከዳኞቹ ከረጢት ሁለት የታሹ ኳሶች ተቀበሉ፤ አንዷ ለአጥሩ ጥግ፣ አንዷ ለጉብታው።

ከዚያ ጊዜው። የመክፈቻ ቀን ፕሮግራም የሚበላሸው በቁርጥራጭ ደቂቃዎች ነው። ሃያ ስድስት ሃያ ስድስት ተጫዋቾችና አሠልጣኞቻቸው በስም ሲጠሩ ሰባ ያህል ሰው ይሆናል፤ ለአንዱ አምስት ሰከንድ ብንሰጥ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ይወስዳል። በዚህ ላይ የአንድ ባለሥልጣን ንግግር፣ የሌላው ሽልማት፣ የሦስተኛው ፎቶ ሲጨመር አሥር ደቂቃ ይሸሻል። የዕለቱ ፒቸር ግን ልምምዱን የሚጀምረው ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ሲጨርስ ወዲያው መወርወር አለበት። በኤፕሪል ብርድ አሥር ደቂቃ ቆሞ የቀዘቀዘ ክንድ ይጎዳል። ከ2023 ጀምሮ ፒቸሩ ቤዝ ላይ ሰው በሌለበት በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር በሰዓት ይያዛል፤ ለእሱ ሰከንድ የሚቆጠርበት ስታዲየም ለባለሥልጣኑ ደቂቃ መቁጠር አያቅተውም። ባለሥልጣኑ ከመዝሙሩ በፊት ይወርውር፤ አስተዋዋቂው ስምና ሹመት ብቻ፣ ከሃያ ቃል ሳያልፍ ይናገር፤ ሁሉም በ90 ሰከንድ ይለቅ። ከመዝሙሩ በኋላ ወደ ጉብታው የሚወጣው የቤዝቦሉ ሰው ብቻ ይሁን። ከእሱ ቀጥሎ ፒቸሩ ይገባል፤ ጉብታው ላይ ለእጅ መጨባበጥ የሚሆን ጊዜ እንኳ ይተርፋል።

ለጉብታው ራሱም ማሰብ ነው። የሜዳ ሠራተኞች ሸክላ አፈሩን አጠጥተው፣ ደልድለው፣ ሸፍነው ያድራሉ። የፒቸሩ እግር የሚያርፍበት ቦታ ከተፈረፈረ በመጀመሪያው ዙር ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገ እንግዳ፣ ጠባቂዎቹና ሦስት ካሜራዎች አብረውት ከወጡ ጥፋቱ አያጠራጥርም። ሁለት ሰው ብቻ፣ በጠፍጣፋ ጫማ።

የአውሮፕላን ትዕይንት ካለ በዚህች ከተማ ነገሩ ከሌላው ይለያል። ኤፕሪል 20 ቀን 2022 ለናሽናልስ ጨዋታ ፓራሹተኞች የጫነ የጦር ሠራዊቱ አውሮፕላን ሲዞር የካፒቶል ፖሊስ አስቀድሞ ስላልተነገረው ምክር ቤቱን አስለቅቆ ነበር። ስለዚህ ማሳወቂያው ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ብቻ ሳይሆን ለካፒቶል ፖሊስም በጽሑፍ ይድረስ፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ሳይያዝ አውሮፕላን አይነሣ። ከመሬት ሬዲዮ ይዞ ከአብራሪዎቹ ጋር የሚነጋገረው ሰው ዘፋኙ በልምምድ ጊዜ የወሰደውን ሰከንድ በእጁ ይያዝ። ዘፋኝ ሕዝብ ፊት ሲቆም ድምፁን ይስባል፤ አውሮፕላን ግን አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ተብሎም ከጉብታው ካልወረወርኩ የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ ጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ እንዲህ ያዘጋጀው። ልምምዱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ቀን ከ25 ውርወራ አይበልጥ። በ9 ሜትር ጀምሮ ወደ 12፣ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 18 ይሂድ። ከመክፈቻው በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ዕረፍት ናቸው፤ በዶክተር ፋውቺ የደረሰውን እናስታውስ። ቢያንስ ሁለቱ ልምምዶች በእውነተኛ ጉብታ ላይ ይሁኑ። አመልካችና መሐል ጣት ስፌቱን አቋርጠው ይረፉ፣ አውራ ጣት ከሥር፤ በመዳፍ ጠፍጥፎ የያዛት ኳስ ወደየትም ትሄዳለች። የግራ ትከሻ ወደ ካቸሩ ዞሮ ይጀምር፤ ግራ እግር ቀጥታ ወደ እሱ ይርገጥ፤ ዓይን ከካቸሩ ፊት አይነቀል። ግራኝ ከሆነ ተቃራኒውን። ኃይል አያስፈልግም፤ ቀስት ሠርታ የምትወርድ ለስላሳ ኳስ ትደርሳለች፤ በጉልበት የተወረወረች ግን አብዛኛውን ጊዜ ትስታለች። ኮት ብብት ስለሚይዝ ይውለቅ፤ ጥይት መከላከያ የሚለበስ ከሆነ ልምምዱም እሱን ለብሶ ይሁን። በዕለቱ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለው የመምቻ መለማመጃ ክፍል አሥር ደቂቃ ክንድ ይሟሟቅ። ካቸሩም ቁጢጥ አይበል፤ ወደ ጎን ለመሮጥ እንዲችል ቆሞ ይጠብቅ። ከጉብታው ፊት ወርዶ ሣሩ ላይ፣ በ14 ሜትር ያህል ርቀት መወርወርም ነውር የለበትም፤ ለባለሥልጣኑም ለሸክላውም ይሻላል።

ከጽሕፈት ቤቶቻችሁ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ለሚቀጥለው መክፈቻ የሚዘጋጀው የፕሮግራም ወረቀት የባለሥልጣኑን ቦታ ከዳግአውቱ ጎን አድርጎ ይጻፍ። ከጉብታው ላይ ለሚወረውረው ሰው ምርጫ የግሬይስና የሴኔተርስ ተጫዋቾች ቤተሰቦች በቅድሚያ ይጠየቁ። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ለሥነ ሥርዓቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ካለ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ተጠይቆ መልሱ ይታወቅ። ውሳኔያችሁን የቡድኑ የልምምድ ወቅት በፍሎሪዳ ከመጀመሩ በፊት ብታሳውቁን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለወገናችን እናዳርሰዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የቤዝቦል ተከታታዮች